የላይኛው ግማሽ ለምን አልበቀለም

ጎረቤላ፣ አንኮበር፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ፣ ለእህቴ ለጥሩዬ ኃይለ ገብርኤል፣ ደብረ ብርሃን መጠለያ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ልጅሽ ሣራስ ብርዱን እንዴት ያዘችው? ጤናውን ያብዛላችሁ፣ ጭቃውን ያቅልላችሁ። እኔም፣ ባለቤቴ አስካለማርያምም፣ ከብቶቹም ደህና ነን።

ይህን ማን ጻፈልህ ብለሽ እንዳትጠይቂ። ራሴ ነኝ። ሁለት ዓመት የማታ ትምህርት ቤት የተመላለስኩት እኔ እያወራሁ ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አይደለም። መምህርታችን ማኅደረማርያም ባለፈው ደብተሬን አይታ፣ የጋሼ ወርቅአገኘሁ ፊደል እንደ ባለቤቱ ቦታ ይወዳል አለች። ምስጋና ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ለምን አትደውልም እንዳትይኝም። እዚህ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ በመጮህ ነው፤ እኔ ደግሞ ከተማርኩ ወዲህ መጮህ ትቻለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። የአባትሽ መሬት ተዘራ። ረቡዕ፣ ሰኔ 18። ግንቦት ላይ ሽማግሌዎች ፊት የተባባልነውን አልረሳሁም፦ ዘንድሮ በዚያች ጥማድ ላይ በራስሽ ዘር ሰብል ከቆመ መሬቱን ተረክበሽ ትመጫለሽ፤ ካልቆመ እስከ ዛሬ እንደነበረው እኔው ጋ ይቆያል። እንግዲህ ሻንጣሽን መፈለግ ጀምሪ። ጫጫ ላይ ስታጭጂ ከርመሽ በድካምሽ ምትክ የተቀበልሽውን ስንዴ ሙሉቀን በሚኒባሱ አድርሶልኛል፤ አንድ ፍሬ አልጎደለም። ዘሩን የበተንኩት እኔ ነኝ። እጄን ታውቂዋለሽ፤ ወንፊት ነው። አፈር ለማልበስ ደግሞ ደቦ ጠራሁ። አንድ ጥንድ በሬ በቀን ለሚጨርሳት መሬት አራት ጥንድ በሬ አሰለፍኩ። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ አየ።

ዘሩ እንዴት እንደሚለብስ የጻፍሽልኝንም ደብዳቤ የድንበሩ ድንጋይ ላይ ቆሜ ለደቦው ሁሉ አነበብኩ። ሁለቱንም ገጽ። ጎረቤቴ ገብረ ጻድቅ፣ የሞባይል ካርድ ቁጥር እንኳ በሰው የሚያስሞላው፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ፀሐይ ሳይከር ሥራው አለቀ። በአሥር፣ በአሥራ ሁለት ቀን ከዳር ዳር አረንጓዴ ሆኖ እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ ወርቅአገኘሁ ወልደኪዳን፣ በገዛ እጁ።


ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበርከው ወንድሜ ለጋሼ ወርቅአገኘሁ ወልደኪዳን፤

ከሁሉ አስቀድሜ አንተ እንደምን አለህ? እትዬ አስካለማርያም እንዴት ናት፣ ወገቧ ተሻላት? ገብረ ጻድቅና ቤተሰቡ፣ መምህርት ማኅደረማርያም፣ የታችኛው ሰፈር ሰዎች፣ የአባቴን ቀብር የረዱ ሁሉ፣ በየስማቸው ሰላም በልልኝ። ሰላምታ ካልሞላሁ የጻፍኩ አይመስለኝም፤ ታውቀኛለህ። እኔና ሣራ በሕይወት አለን።

መዘራቱን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ፊደልህም ይነበባል። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። እዚህ ሸሽተን ወደ ወጣንበት ምዕራብ መመለስ የሚፈልገውን መመዝገብ ተጀምሯል። እስከ ሐምሌ 30 ሰው ሁሉ የሚሄድበትን መናገር አለበት ተብሏል። ሣራ የወለጋ ስም ሲነሣ እህል አትቀምስም። እኔም ያየሁትን አይቻለሁ። ግን እዚህ ሸራ ሥር ሌላ ክረምት አልከርምም። የአባቴ መሬት ከበቀለ ወደ እናንተ፣ ካልበቀለ ስሜን እዚያ አስጽፋለሁ። ሦስተኛ መንገድ የለኝም።

ስለዚህ ስንዴው ሲወጣ ያማረውን ብቻ ሳይሆን ያላማረውንም ጻፍልኝ። ሃያ ዓመት በቆሎ በመስመር የዘራሁ ሰው ነኝ፤ የተበላሸ ማሳ አያስደነግጠኝም። የሚያስደነግጠኝ አለማወቅ ነው።

እህትህ ጥሩዬ።


ጎረቤላ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለጥሩዬ፤

ሰላምታዬ እንደ ሐምሌ ዝናብ ሳያቋርጥ ይድረስሽ። መልሴ የዘገየው መንገዱ ሦስት ቀን ተዘግቶ ሙሉቀን ስላልወጣ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ዜናው ብዙ ነው። ቀይዋ ላም ወለደች፤ እንስት ናት። የማታ ትምህርት ቤቱ ፈተና ነበረ፤ ከሃያ ሁለት ተማሪ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው የቀሲሱ ሚስት ናት፤ እሷ ዳዊት በቃሏ ስለምትይዝ አይቆጠርም፤ ስለዚህ አንደኛ ነኝ ማለት ይቻላል። አስካለማርያም ወገቧ ተሽሏታል።

ስንዴው ወጥቷል። የታችኛውን ግማሽ ብታዪው ታለቅሻለሽ። ጥቅጥቅ ብሎ፣ እኩል ሆኖ፣ ጠዋት ጤዛ ይዞ። ሰው እያቆምኩ አሳያለሁ። ትናንት አንድ የማላውቀውን መንገደኛ ሳይቀር አሳይቻለሁ።

የላይኛው ግማሽ ትንሽ ዓይነ አፋር ሆኗል። አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ መሐሉ ባዶ። ቆቅ ይሆናል። ዘንድሮ ቆቁ በዝቷል፤ ያውም የተማረ ቆቅ ነው፣ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚበላ። ብርዱም ሊሆን ይችላል። ገብረ ጻድቅ ደግሞ ዘሩ ከየት ነው የመጣው ብሎ ጠየቀ። እኔ አላልኩም፤ እሱ ነው ያለው። አሳቢ ስለሆንሽ ነው የጻፍኩልሽ እንጂ የሚያሳስብ ነገር የለውም።

ወንድምሽ ወርቅአገኘሁ፣ የሁለተኛ ደረጃ ባለቤት።


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ወርቅአገኘሁ፣ ለሁላችሁም ሰላም።

ለገብረ ጻድቅ እንዲህ በልልኝ። ዘሩን ከመላኬ በፊት መቶ ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ነበር። በሳምንቱ ስፈታው ዘጠና ሦስቱ በቅለዋል። ሣራ አብራኝ ቆጥራለች። ደግሞስ ታች የበቀለው የማን ዘር ነው? ያው ከአንድ ጆንያ የወጣ አይደለም?

አሁን ግምቱን ተውና ሄደህ እይልኝ። መጀመሪያ የባዶው ቦታ ጠርዝ ምን ይመስላል? አይጥና ጉንዳን የበላው ክብ ክብ ይሆናል፤ ውኃ የተኛበትም የውኃውን ቅርጽ ይይዛል። ቀጥ ብሎ ከተከፈለ ግን እንስሳ አይደለም፤ ሰው ነው። ከዚያ አሥር ቦታ ላይ አፈሩን ግለጥ። በዶማ አይደለም፣ በጣትህ፣ ቀስ ብለህ። ዘሩ ከሌለ ተበልቷል። ቅርፊቱ ብቻ ካለ ትል ገብቶበታል። ላቁጦ የሚሸት ከሆነ በስብሷል። በቅሎ አፈር ውስጥ ከቀረ ደግሞ ከላይ እስከ ዘሩ ስንት ጣት እንደሚገባ ለክተህ ጻፍልኝ።

ቶሎ። ምዝገባው እየተቃረበ ነው።

ጥሩዬ።


ጎረቤላ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለጥሩዬ፣ ከማሳው ሐኪም፤

እንደምን አለሽ? እኔ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። አስካለማርያም ምን እየፈለግህ ነው ብትለኝ ምርመራ ላይ ነኝ አልኳት፤ ሳቀች። ወገቧ የተሻላት በእኔ እየሳቀች ነው።

አንቺ አሥር ቦታ አልሽ፤ እኔ ከላይ አሥር፣ ከታች ደግሞ ለማነጻጸር ሦስት ገለጥኩ። ይህቺን አንቺም አላሰብሻትም።

ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ከኮሶው ዛፍ እስከ ድንበሩ ድንጋይ ገመድ የተወጠረ ነው የሚመስለው። ከገመዱ በታች ሙሉ፣ ከገመዱ በላይ ራሰ በራ። ውኃ የትም አልተኛም። ዘሩ አለ፤ አልተበላም። ቆቆቹን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አልሸተተም፤ ትልም የለበትም። በቅሏል፣ ጥሩዬ። በቅሎ፣ ነጭ ሆኖ፣ ብጫ ሆኖ፣ አፈር ውስጥ እንደ ጫማ ክር ተጠቅልሎ፣ ቅጠሉን ብርሃን ሳያይ እዚያው ዘርግቶ ቀርቷል። አንዱን አውጥቼ መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀልድ አልመጣልኝም።

ጥልቀቱ ከታች ሦስት ጣት ነው። ከላይ ስምንት ጣት፤ ሁለት እጄን ደርቤ ነው የለካሁት። የወጡት ጥቂቶቹ እንደ አጋጣሚ ወደ ላይ የቀሩ ናቸው።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ ገና እየመረመርኩ ነው። ምናልባት የላይኛው አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጥ ይሆናል።

ወንድምሽ ወርቅአገኘሁ።


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

አፈር አያብጥም።

ምርመራህ ጥሩ ነው፤ ከታችም መግለጥህ ብልሃት ነው። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ይህ ስንዴ አጭር ዓይነት ነው፤ ከስምንት ጣት ሥር ተነሥቶ ብርሃን ጋ አይደርስም። ስምንት ጣት የሚወርደው መሬት ለመስበር የሚያርስ ማረሻ እንጂ ዘር የሚያለብስ አይደለም። እኔ በደብዳቤዬ ከሦስት ጣት እንዳያልፍ ብዬ ጽፌያለሁ። አንተ ደግሞ ሁለቱንም ገጽ ለሁሉም አነበብኩ ብለሃል። ታዲያ የታችኛውን ያለበሱት ሰምተው፣ የላይኛውን ያለበሱት እንዴት ሳይሰሙ ቀሩ?

ቀጥሎ ያለውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ደብዳቤህን ሳነብላት ሣራ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ ስንዴው ካልበቀለ መሬቱ የሚቀረው ለማን ነው?» አለች። መልሱን አንተም እኔም እናውቃለን። እኔ አላልኩም። ግን ዝም በይም አላልኳት።

እስከ ምዝገባው አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷል። የሆነውን ንገረኝ።

ጥሩዬ።


ጎረቤላ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጥሩዬ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። አስካለማርያም ወረቀቱን አይታ ያንን ሁሉ ፊደል የተማርከው ለእሳት ማቀጣጠያ ነው ወይ አለችኝ። አምስተኛው ይኸው።

የሆነው እንዲህ ነው። ዘሩን በትኜ ጨርሼ ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። አራቱ ጥንድ በሬዎች በላይኛው ዳር ተሰልፈዋል። ደብዳቤሽን ዘረጋሁ። የመጀመሪያው ገጽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ከላይ እስከ ታች ሰላምታ ነው። የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ በስሙ ሰላም ብለሻል። እኔም አንድ ስም አልዘልም አልኩ። የተጠራው ሰው እዚያው ቆሞ እየሰማኝ እንዴት ልዝለለው? ስሙ ሲጠራ ቀና የሚለውን፣ የሚስቀውን እያየሁ፣ ፊደል በፊደል፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ እያነበብኩ ሄድኩ። በሕይወቴ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያዳመጠኝ ያን ቀን ነው።

በሬ ግን ሰላምታ አይሰማም። መቁነጥነጥ ጀመሩ። ገብረ ጻድቅ አንተ ስሙን እስክትጨርስ እኛ እንጀምር አለ። እኔም ጀምሩ አልኩ፤ ዓይኔን ከወረቀቱ ብነቅል የደረስኩበት ይጠፋብኛል። ሁሉም እንደ ልማዱ ማረሻውን ተጫነ። ሁለተኛውን ገጽ ገልብጬ «ከሦስት ጣት እንዳያልፍ» የሚለው ላይ ስደርስ ግማሹ መሬት ለብሶ ነበር። ያኔ ማረሻቸውን አቀለሉ። የታችኛው ያማረው በዚያ ነው።

እዚያው አቁሙ፣ የላይኛው ተበላሽቷል ማለት ነበረብኝ። ዘሩ ገና አንድ ሰዓት አልቆየም፤ የእሾህ ቅርንጫፍ እንደ መጥረጊያ ጎትተን አፈሩን ልናነሣለት እንችል ነበር። አላልኩም። ሁሉም አንባቢ ብለው እያዩኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ቆቅ አልኩ፣ ብርድ አልኩ፣ በዘርሽ ላይ ሰው ሲያማ ዝም አልኩ።

ሣራ የጠየቀችውን ልመልስ። መሬቱን አልወደውም አልልሽም። አሥራ አምስት ዓመት አርሼዋለሁ፤ የትኛው ጥግ ላይ ድንጋይ እንዳለ እግሬ ያውቀዋል። ትመጣለች ሲባል አንድ ቀን ባትመጣ ብዬ እንዳልተመኘሁ ብነግርሽ ውሸቴን ነው። ስንዴሽን ግን ሆን ብዬ አልቀበርኩም። ሞኝ እንዳልባል ብዬ ደበቅሁት፤ አሁን ሌባ ልባል ነው። ከሁለቱ ሞኝነቱን መርጬ ለልጅሽ ጻፍኩላት። አንብቢላት።

ወርቅአገኘሁ።


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሥራውን ከሰላምታው ፊት አለመጻፌ የእኔ ጥፋት ነው። ዛሬ ከሥራው እጀምራለሁ።

የላይኛውን ግማሽ በሬ አይርገጠው። አራት እንጨት ቁረጥ፣ እያንዳንዱ አንድ ክንድ፣ አራት ማዕዘን አድርገህ እሰረው። ከላይ አምስት ጊዜ፣ ከታች አምስት ጊዜ ወርውረውና ውስጡ የገባውን ቡቃያ ቁጠር። ስትወረውር ጀርባህን ሰጥተህ ነው። አውቅሃለሁ፤ እያየህ ከወረወርክ ያማረው ላይ ታሳርፈዋለህ። ከአርባ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፣ አትንካው። ሃያ ካልሞላ እዚያ ላይ ስንዴ አንጠብቅም። ስንዴ ደግሞ ለመዝራት ጊዜው አልፏል፤ ምስር ግን ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ቢዘራ ይደርሳል።

አሁን ሰላም ለሁላችሁ።

ደብዳቤህን ለሣራ አነበብኩላት። በሬ ሰላምታ አይሰማም የሚለው ላይ ሳቀች፤ እዚህ ከመጣን እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። መጨረሻው ላይ «እውነቱን ነው። ግን ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ?» አለች።

የእኔም ጥያቄ እሱ ነው። የተባባልነው ሰብል ከቆመ ነው። ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ አልቆመም። ግማሽ ሰብል ሰብል ነው አይደለም? ይህን የምትመልስልኝ አንተ ነህ፤ ለእኔ ሳይሆን እነሱ ፊት። መልስህ ከሐምሌ 30 በፊት ካልደረሰኝ፣ ጋሼ፣ አልቀየምህም፤ ግን ስሜን ወደ ምዕራብ አስጽፌ እሄዳለሁ።

ጥሩዬ።


ጎረቤላ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጥሩዬ፣ ከሥራው ልጀምር፤

ከታች ሃምሳ ሁለት፣ አርባ ሰባት፣ ሃምሳ አምስት፣ አርባ አራት፣ ሃምሳ። ከላይ ስድስት፣ አሥራ አንድ፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ፣ አራት። ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የወረወርኩት። ለዚህም ገብረ ጻድቅ ምስክር ነው፤ አንደኛው የእሱ ቁርጭምጭሚት ላይ አርፏል። እሱን አልቆጠርኩትም።

ዛሬ ተክለ ሃይማኖት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ማሳው ዳር አቆምኳቸው፤ ነገሩንም ከድንጋዩ ጀምሬ እስከ ስምንት ጣቱ ተረክሁላቸው። እንደ እኔ አድርጎ ሊያወራው የሚችል በዚህ ወረዳ የለም። አንዱ ሽማግሌ ከሳቁ የተነሣ ዱላውን ጣለ። ገብረ ጻድቅ ብቻ አልሳቀም፤ እንጀምር ያለው እሱ ነበራ።

ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ከበደ። አንደኛው ግማሽ ግማሽ ነው፣ ለከርሞ ይታይ አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም እኔን አዩ፤ ይታይ ቢባል መሬቱ በእጄ ነውና። ልቤም፣ አልደብቅሽም፣ ትንሽ ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ «የቆመው የእሷ ነው። የጎደለው የእኔ ነው። የእኔ ጉድለት የእሷን መሬት አይወስድም።»

የተቃወመ የለም። ወረቀት ይጻፍ ተባለ። ከዛሬ ጀምሮ የኃይለ ገብርኤል ጥማድ ለልጁ ለጥሩዬ ተመልሷል የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መምህርት ማኅደረማርያም አንድ ፊደል ብቻ አረመችኝ። ለመፈረም ስጠጋ እስከ ዛሬ በጣቴ ስለምፈርም የጣት ቀለሙን አቀረቡልኝ። ገፋሁትና እስክሪብቶ አነሣሁ። ስሜ ሰባት ፊደል ነው። ሰባቱንም እስክጽፍ ከቦታው የተነቃነቀ ሰው አልነበረም፤ በሬም አልነበረ። ቅጂው ከዚህ ጋር ታሽጓል።

አስካለማርያም ከደነባ ካመጣችው ምስር ለዘር የሚሆነውን ለቅማ አስቀምጣለች። የላይኛውን ግማሽ አልነካሁትም። የሚዘራው ባለቤቱ ነው፤ አንቺ በሁለት ጣት ልክ ስትዘሪ እኔ ከኋላ ሆኜ አፈር እመልሳለሁ።

ወንድምሽ ወርቅአገኘሁ ወልደኪዳን።


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ወርቅአገኘሁ፣

ደብዳቤህና ወረቀቱ ትናንት በሙሉቀን እጅ ደረሱኝ። ሐሙስ፣ ፍልሰታ በሚገባበት ቀን፣ ከእሱው ጋር እንመጣለን። ዕቃችን ሁለት ማዳበሪያ ነው። ምስሩን ዓርብ በእጃችን እንዘራለን። ደቦ እንዳትጠራ።

ዛሬ ጠዋት መዝጋቢዎቹ እኛ ጋ ደረሱ። ወዴት ናችሁ አሉን። አንኮበር አልኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ እዚያ ምን አላችሁ ሲለን፣ ሣራ ቀድማኝ «ግማሽ ጥማድ ስንዴ» አለች። እንደዚያው ብሎ ጻፈው።

እህትህ ጥሩዬ።